ቀይ በቆሎ ታጥቦ አይበላም

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልበለው፤ የቸኮለ ሰው እሱን አንብቦ መሄድ ይችላል። መድኃኒት የተቀባ ዘር ታጥቦ አይበላም። ተቆልቶም፣ ተቀቅሎም፣ ተፈጭቶ ቂጣ ሆኖም አይበላም። ለዶሮም አይሰጥም። አለቀ።

ላልቸኮለው ልቀጥል። አጎቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው። እኔም ትምህርት ሲዘጋ እዚያው ዱቄት ለብሼ ነው ያደግኩት። ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው የሰፈሩን ጓዳ ያውቃል። ማን ጤፍ እንደሚያስፈጭ፣ ማን ጤፉን በማሽላ መደባለቅ እንደጀመረ፣ ማን ጭራሽ ጤፍ መግዛት እንደተወ ሳይጠይቅ ያያል። ታዲያ ያምናው እህል አልቆ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ቆሞ እያለ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ብቅ ይላል፤ ቀላ ያለ በቆሎ። ከዘር የተረፈ፣ መድኃኒት የተቀባ ነው።

እሱን ከማውራቴ በፊት ግን ኢራቅ ደርሰን እንምጣ። በዚህ ጉዳይ ከኢራቅ የባሰ የደረሰበት ሀገር የለም።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1971 ነው፤ በኛ 1964 ዓ.ም. የባተበት ሰሞን። ኢራቅን ድርቅ መቷት ምርቷ ወድቋል። መንግሥት ጥሩ ምርት የሚሰጥ ዘር ላምጣ ብሎ ስንዴውን ከሜክሲኮ፣ ገብሱን ከአሜሪካ አስመጣ። 73,000 ቶን ገደማ ስንዴና 22,000 ቶን ገደማ ገብስ በባስራ ወደብ ገባ። ሁሉም ለዘር እንጂ ለመብል አልነበረም። መሬት ውስጥ ፈንገስ እንዳያበላሸው ሜቲል ሜርኩሪ የሚባል ነገር ተቀብቷል። ባዜቃን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ይሄ የባዜቃ ዘመድ ነው፣ ግን ሆድ ከገባ ከባዜቃው በጣም የባሰ። ሰው በስህተት እንዳይበላው ተብሎ ደግሞ ሮዝ ቀለም ተነክሯል። ጆንያው ላይም ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። በምን ቋንቋ? በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ! የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንትም ተስሎበታል፤ ለገጠሩ ኢራቃዊ ግን ያ ስዕል ምንም ማለት አልነበረም። ገበሬው ዘሩን ሲወስድ «መርዝ መሆኑን ተረድቻለሁ» ብሎ እንዲፈርም ወይ ጣቱን እንዲያስነካ ታስቦ እንደነበርም ተጽፏል። ተደረገም አልተደረገም ለውጥ ያመጣ ነበር ብዬ አላስብም። የጣት ፊርማ እንዴት እንደሚሰበሰብ እኛም ሀገር እናውቀዋለን። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰውዬው ቸኩሏል፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የሚያነብልህ የለም፣ ጣትህን ነክረህ ኩንታልህን ተሸክመህ ትሄዳለህ።

ሁሉን ያበላሸው ግን ሌላ ነገር ነው። ዘሩ ብዙ ቦታ ዘግይቶ ደረሰ። ገበሬው ያለችውን ዘርቶ ጨርሷል። አሁን በእጁ ያለው ምንድን ነው? በድርቅ ዓመት፣ ቤቱ ባዶ በሆነበት፣ ከመንግሥት የተሰጠው ድንቡሽቡሽ ያለ ስንዴ። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?

አጠቡት። ቀለሙ ለቀቀ። ውሃው ሮዝ ሆኖ ፈሰሰ፣ ስንዴው ስንዴ መሰለ። መርዙም አብሮ የሄደ መሰላቸው። ቀለሙና መርዙ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቀለሙ በውሃ ይሄዳል፣ ሜርኩሪው ፍሬው ላይ ይቀራል። ፈጭተው ዳቦ ጋገሩት። እሳትም አያጠፋውም።

እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ «አይ መሃይምነት!» የሚለው። እኔ ይሄን ነገር አልቀበልም። እነዚያ ሰዎች ሞኝ አልነበሩም። ዝም ብለው አልበሉትም፣ አንዳንዶቹ መጀመሪያ ለከብትና ለዶሮ ሰጥተው አይተዋል። ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም። አንድ ቀን ጠበቁ፣ ሁለት ቀን ጠበቁ፣ ሳምንት ጠበቁ። ዶሮዋ ጥሬዋን ትለቅማለች። ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ያድርጉ? ላብራቶሪ የላቸው።

የሜቲል ሜርኩሪ ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው። ቶሎ አይናገርም። ከበሉት ውስጥ ዘጠና ከመቶ የሚበልጠው ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ ከደም ወደ አንጎል ያልፋል፣ እና ዝም ይላል። ከሰውነት በቶሎ አይወጣም፤ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። በዚህ መሃል ሰውዬው በየቀኑ ይጨምርበታል። ኢራቅ ውስጥ ምልክቱ መታየት የጀመረው ሳምንታት ቆይቶ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ከወር በኋላ። ሲጀምር ደግሞ በትንሽ ነገር ነው። ጣት ይደነዝዛል። ከንፈር ዙሪያ ይነዝራል። ቀጥሎ ሰውዬው ሲሄድ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ የዓይኑ እይታ ከዳር ወደ መሃል ይጠባል፣ ጆሮው ይከዳዋል። ያን ጊዜ አንጎሉ ላይ የደረሰው ጉዳት ደርሷል። አንዳንዱ ከጊዜ በኋላ ተሽሎታል፤ ማየት ወይም መራመድ ያቃተው ብዙው ግን እንደነበረ አልሆነም።

የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ሆስፒታል መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1971 መጨረሻ ላይ ነው። ሲያበቃ ሆስፒታል የገባው 6,530 ሰው፣ እዚያው የሞተው 459 ሆኖ ተመዘገበ። ይሄ ሆስፒታል የደረሰው ብቻ ነው። ገጠር ያለ ሰው ሁሉ ሆስፒታል እንደማይደርስ ለወሎ ሰው አልነግርም።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። እርጉዝ ሆነው የበሉ እናቶች ልጆች። እናትየው እምብዛም ሳትታመም በሆዷ ያለው ልጅ ይጎዳል፤ መርዙ ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ በጡት ወተትም ይሄዳል። ከተወለዱት አንዳንዶቹ አያለቅሱም ነበር። ወላጆችም ደስ አላቸው፣ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ብለው አመሰገኑ ተብሎ ተጽፏል። ያ ዝምታ የተጎዳ አንጎል መሆኑ የገባቸው ቆይቶ ነው።

አሁን ማን ምን ያውቅ ነበር የሚለውን እናንሳ። ጃፓን ሚናማታ ላይ ይሄው ሜቲል ሜርኩሪ በዓሳ በኩል ሰው ጨርሷል፤ በሽታው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ኢራቅ ራሷ በ1956 እና በ1960 በሜርኩሪ የታከመ ዘር ሰው መርዞባታል። ሦስተኛዋ ነበረች ማለት ነው! ስዊድን በ1966 ለዘር መጠቀሙን ከልክላለች። ቱርክ ደግሞ ሜርኩሪ ሳይሆን ሄክሳክሎሮቤንዚን የሚባል ሌላ የፈንገስ መድኃኒት የተቀባ የዘር ስንዴ ከ1955 እስከ 1959 ድረስ ደቡብ ምሥራቋን አዳርሶባታል፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፀሐይ ሲነካው ቆዳው እየቆሰለ፣ እየጠቆረ፣ የልጆች ፊት ላይ ፀጉር እየበቀለ። የሚጠቡ ሕፃናት በእናቶቻቸው ወተት እየተመረዙ በብዛት አለቁ። ስለዚህ ላኪውም፣ ሻጩም፣ ገዢውም መንግሥት የሚያውቁት ነገር ነበር። የማያውቀው የመጨረሻው ሰው ብቻ ነው፤ ዳቦውን የሚበላው። እና ጥፋቱ የሱ ተደርጎ ይወራል።

እሺ፣ ወደ ኮምቦልቻ።

አንድ ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከካሉ ገጠር የመጡ አንዲት ሴት ተራቸው ደረሰና ማዳበሪያቸውን ፈቱ። በቆሎው ነጭ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ደህና አድርጎ ደርቋል። አጎቴ ግን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው እጁን ሰዶ አንድ እፍኝ አወጣና ፍሬዎቹን ገለባበጠ። ሰው የሚያየው ሆዱን ነው፣ እሱ የሚያየው ጫፉን ነው፤ ፍሬው ከቆረቆንዳው ጋር የተያያዘባትን ሹል ጫፍ። እሷ ቀለም ትጠጣለች፣ በውሃ ቶሎ አትለቅም። እዚያች ጫፍ ላይ፣ በጥፍር ብትፍቁት ብቻ የሚታይ፣ ቀይ ነገር አለ።

«ይሄ ዘር አይደለም እንዴ እታለም?»

«ነበር። አጥቤዋለሁ አያ፣ ውሃው እስኪጠራ።»

«ቢጠራም አልፈጨውም።»

«ጎረቤቶቼ ንፍሮ ቀቅለው በሉት፣ ወላሂ ምንም አልሆኑም!»

ተራ የያዘው ሁሉ ከሴትየዋ ጋር ሆነ። ምን አለበት፣ ፍጭላት እንጂ፣ በዚህ ዝናብ መጥታ፣ ደግሞ የራሷ እህል ነው፣ አንተ ምን አገባህ። አጎቴ ስለ አንጎል፣ ስለ ጉበት፣ ስለ መርዝ ምንም አላወራም። «ድንጋዩ ላይ ይቀራል፣ ከኋላዋ የምታስፈጩ በሙሉ እየተካፈላችሁ ትሄዳላችሁ» አለ፣ አለቀ። ሰልፉ በአንዴ ዞረ። አንዷማ ጆንያዋን ጎትታ ከዚያ በቆሎ አራቀች። ቅድም «ፍጭላት» ያለው ሰውዬ «ኧረ ይሄ ነገር ደግ አይደለም» ማለት ጀመረ። እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ሰው ለሌላው ሆድ የማያስበውን ለራሱ ዱቄት ያስባል።

ሴትየዋ ተቆጥተው ማዳበሪያቸውን ቋጠሩ። «እንግዲያው ለዶሮ ነው የምሰጠው» ብለው ወጡ።

ዶሮውም መፍትሔ አይደለም። እ.ኤ.አ. 1969 አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሜክሲኮ አላሞጎርዶ የሚባል ቦታ፣ አንድ ቤተሰብ በሜርኩሪ የታከመ የዘር ጥራጊ ለአሳማዎቹ ቀለበ። አንዱን አርደው ሥጋውን ለሳምንታት በሉ። ዘሩን ራሱን አንድም ሰው አልቀመሰም። ግን ሦስት ልጆቻቸው በከባዱ ተጎዱ፣ እናትየው እርጉዝ ስለነበረች የተወለደውም ልጅ ተጎድቶ ተወለደ። አስቡት፣ ይሄ ማስጠንቀቂያው በሕዝቡ ቋንቋ በሚጻፍበት ሀገር ነው። እንስሳው ምልክት ሳያሳይ ሥጋው ሊመርዝ ይችላል። እንቁላሉም እንደዚያው።

ስለ ማጠቡ ደግሞ። እናቶቻችን መርዝን በውሃ ማስወጣት ያውቃሉ፣ ተረት አይደለም። ግብጦ ለቀናት ውሃው እየተቀየረ ተዘፍዝፎ ነው ምሬቱ የሚወጣው፤ ምሬቱ ደግሞ መርዙ ነው፣ በውሃ ይሟሟል። ጓያም ሲዘፈዘፍና ውሃው ሲደፋ ጉዳቱ ይቀንሳል፣ ባያጠፋውም። ስለዚህ አንዲት የካሉ ሴት ቀይ በቆሎ ሦስት አራቴ አጥባ «ጠርቷል» ስትል የምትናገረው ከእናቷ የተማረችውን ነው። ለግብጦ ልክ ነበረች። ፋብሪካ የሠራው ነገር ግን ውሃ ታጥቦ እንዲሄድ ተብሎ አልተሠራም፤ እንዲያውም ዝናብ መጥቶ አፈር ውስጥ እንዳያጥበው ነው ፍሬው ላይ እንዲጣበቅ የተደረገው። ለሴትየዋ ማንም ያላስረዳት ይሄንን ነው። «መርዝ ነው አትብሉ» ብቻ ማለት አይበቃም፣ «እንደ ግብጦ አይደለም» ተብሎ ነው መነገር ያለበት።

ወሎ ደግሞ እህል ሲከዳ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 78 ገብስ መሃል የበቀለ ስናር ላይ የወጣ ጥቁር ፈንገስ ብዙ ሰው መርዟል፤ የሰዉ የእግርና የእጅ ጣት እየጠቆረ እየሞተ፣ የሞተውም ሰው ቀላል አልነበረም። ጓያ በችግር ዓመት ብቻውን ሲበላ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ደላንታ ሂዳችሁ ጠይቁ፣ ወጣት ሰው እግሩ ተሳስሮ በዱላ ሲሄድ ታያላችሁ። በሁሉም ውስጥ የማየው አንድ ነገር ነው። ሰው አላወቀም ሳይሆን ሌላ የሚበላ አልነበረውም።

«አሁን እኮ ሜርኩሪ የለም» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ዛሬ ዘር የሚቀባው ሌላ ነው፤ ታይራም፣ ሜታላክሲል፣ ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ታያሜቶክሳም፣ የመሳሰሉት። አንዱ ለፈንገስ ነው፣ ሌላው ለተባይ። እንደ ሜቲል ሜርኩሪ አንጎል ውስጥ ወራት አይቀመጡም። ግን አንዳቸውም ለሆድ አልተሠሩም። አንድ ምሳሌ ብቻ፦ ታይራም ከአልኮል ጋር አይስማማም። በእጁ ሲነካካው፣ ሲተነፍሰው የዋለ ሰው ማታ ጠላ ወይም አረቄ ቢቀምስ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ያስመልሰዋል። ሰውዬው አረቄውን ይረግማል፣ ሲዘራ የዋለውን አያስታውስም። ዘሩን በባዶ እጅ ከመዝራት የሚመጣው ይሄ ከሆነ መብላቱን ገምቱት። ደግሞ ጆንያው! የዘር ጆንያ ባዶውን ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፣ ዱቄት ይጨመርበታል። እሱንም ተዉት፣ ለማንም አትስጡት።

የበላ ሰው ካለ ወተት እያጠጣችሁ ቤት አታስቀምጡት፣ በግድም አታስመልሱት። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ የዘሩን ከረጢት ወይም ላዩ ላይ ያለችውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም ካላወቀ በጨለማ ነው የሚዳብሰው። «አሁን ደህና ነው» ብላችሁም አትመለሱ፤ የኢራቆቹም ሳምንታት ደህና ነበሩ።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገርና ላብቃ። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁልጊዜ የሚባለው «ግንዛቤ መፍጠር» ነው። ፖስተር ይለጠፍ፣ ስብሰባ ይጠራ፣ አበል ይከፈል። እሺ ይለጠፍ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በሚገባው ስዕል። ግን ግንቦትና ሰኔ ላይ ሰኞ ገበያ ወይም ሐርቡ ገበያ ውጡና ገበሬውን ጠይቁት። የሚነግራችሁ ቅሬታ አንድ ነው፤ ዘሩ ዘገየ። ዝናቡ መጥቶ ሄዶ፣ እሱ የጎረቤቱን ዘር ተበድሮ ዘርቶ፣ ከዚያ ምርጥ ዘሩ ይመጣል፣ በዱቤም ቢሆን በገንዘቡ ነው፣ ይወስዳል። ያ ዘር ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘር አይደለም። ቤት ውስጥ ያለ እህል ነው፣ ነሐሴን የሚጠብቅ። ኢራቅም ላይ የሆነው ይሄው ነው።

ኢራቅ ውስጥ በሽታው ሲታወቅ መንግሥት ዘሩን አስወግዱ ብሎ አወጀ፣ የሸጠ በሞት ይቀጣል እስከማለት ደረሰ። ገበሬው ፈርቶ ያገኘበት ቦታ ደፋው፣ ወንዝም ጭምር። እኛ ጋ ማስፈራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ያልተዘራ ዘር እስከ ሐምሌ መጨረሻ የሚመለስበት ቦታ ቀበሌው ላይ ይኑር፣ የመለሰ ሰው የከፈለው ይመለስለት፣ ዱቤ ከሆነም ከዕዳው ይቀነስለት፣ ከተቻለ ደግሞ በኪሎው ልክ የሚበላ እህል ይሰጠው። ኮምቦልቻ የእህል መጋዘን ያጣች ከተማ አይደለችም። ያቺ ሴት በዝናብ ወደ አጎቴ ወፍጮ ቤት የመጡት ገንዘባቸውን የሚመልስላቸው ሰው ስላልነበረ ነው።